ከደጀ ሰላም እስከ ጓዳ፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ከእህቶችና ከእናቶች የተላኩ ሲሆኑ፣ ጉዳያቸውም በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓትና በዕለት ተዕለት ኑሯችን መካከል ስላለው ግንኙነት ነው። ነጠላው፣ ጾሙ፣ የጽዋው ማኅበር፣ የክርስትናው ቀን ለምን እንዲህ ሆነ ብለው የሚጠይቁ አሉ፤ ሥርዓቱን በሚገባ እየጠበቁ፣ ቤታቸው ሲገቡ ግን አንድ ነገር እንደጎደላቸው የሚሰማቸውም አሉ። ከደብዳቤዎቹ አምስቱን መርጬ፣ የጠያቂዎቹን ማንነት ሳልገልጥ፣ አሳጥሬ ከነመልሳቸው አቅርቤአለሁ። በአንዲት ሴት የግል ሕይወት ላይ የመጨረሻውን ምክር መስጠት የንስሐ አባቷ ድርሻ በመሆኑ፣ እዚህ የተጻፈው ሁሉ ከእርሳቸው ጋር ለመነጋገር እንዲረዳ እንጂ እርሳቸውን እንዲተካ የታሰበ አይደለም።

ጓደኛዬ ስለ ነጠላዬ ጠየቀችኝ

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ከተማ በአንድ ባንክ የምሠራ የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ነጠላዬን አጣፍቼ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ጫማዬን አውልቄ በሴቶች በኩል ቆሜ አስቀድሳለሁ። አብራኝ የምትሠራ የወንጌላውያን አማኝ ጓደኛዬ በቅርቡ «እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው፤ ታዲያ ነጠላው ምን ያደርግልሻል?» ብላ ስትጠይቀኝ መልስ አጣሁ። ያሳፈረኝ ጥያቄዋ ሳይሆን፣ ይህን ያህል ዘመን የፈጸምኩትን ነገር ምክንያቱን አለማወቄ ነው። ምን ብዬ ልመልስላት?

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኛሽ የጠቀሰችው ቃል እውነት ነው። ነቢዩ ሳሙኤል ከእሴይ ልጆች መካከል የሚነግሠውን ሊቀባ በሄደ ጊዜ የተነገረ ሲሆን፣ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 16 ይገኛል። በዚያ ስፍራ የተነቀፈው ሰውን በቁመቱና በመልኩ መመዘን ነው፤ በሰውነት እግዚአብሔርን ማክበር ግን አልተነቀፈም። እንዲያውም በዚያው ምዕራፍ ጥቂት ወረድ ብለሽ ብታነቢ፣ ልብን የሚያየው አምላክ የዘይቱን ቀንድ አስይዞ የላከውን ነቢይ በዳዊት ራስ ላይ ዘይት ሲያፈስ ታገኚዋለሽ። የማይታየው ምርጫ በሚታይና በሚዳሰስ ነገር ተገለጠ።

ስለ ራስ መሸፈን ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 11 አስተምሯል። ብዙዎቻችን የማናስተውለው፣ ያ ትምህርት ለሴቶች ብቻ የተሰጠ አለመሆኑን ነው፤ ሐዋርያው ሴት ስትጸልይ ራሷን እንድትሸፍን ሲያዝዝ፣ ወንድ ደግሞ ሲጸልይ ራሱን እንዳይሸፍን በዚያው አንቀጽ ይናገራል፤ ወንድሞቻችንም በጸሎት ጊዜ ባርኔጣቸውን የሚያወልቁት ስለዚህ ነው። ነጠላው የአገራችን ልብስ ነው፤ በሌሎች አገሮች ያሉ ኦርቶዶክሳውያን እህቶቻችን በሌላ ዓይነት ጨርቅ ይከናነባሉ። ጫማ ማውለቃችንም በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 3 ሙሴ በሚነደው ቁጥቋጦ ፊት ከታዘዘው ጋር የሚሄድ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሰውነት ከጸሎት ውጭ የሚቆምበት ጊዜ የለም፤ እግር ይቆማል፣ ጉልበት ይሰግዳል፣ ሆድ ይጾማል፣ እጅ ይመጸውታል። ስለዚህ ለጓደኛሽ «ልቤ ሲጸልይ ሰውነቴም አብሮት እንዲጸልይ ነው» ብትያት ሙሉ መልስ ይሆናል፤ በተረጋጋ ቃል ተናገሪው፤ ልትከራከሪያት አትነሺ። ጥያቄዋ በክፋት የቀረበ አይመስለኝም፤ ባትጠይቅሽ ኖሮ ይህን ላትመረምሪው ትችዪ ነበር።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ለሌሎች አንባብያን ልጨምር። ነጠላ ሳትይዝ ወይም ሱሪ ለብሳ ከሥራ ወጥታ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር የገባችን ልጅ፣ ደጁ ላይ ተቀብለው በሰው ፊት የሚያመናጭቁ እናቶች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ያቺ ልጅ ምናልባት በዚያ ቀን የገባችው የከበደ ነገር ገጥሟት ሊሆን ይችላል፤ ተዋርዳ ከተመለሰች በኋላ ለዓመታት ደጁን ሳትረግጥ የምትቀር አለች። ይህ ሥርዓት ማስከበር ነው ብዬ ለማመን እቸገራለሁ። ልማዱ የሚያሳስባት እናት፣ አንድ ትርፍ ነጠላ በቦርሳዋ ይዛ ብትመጣና ልጂቱን «ነይ ልጄ፣ ይህን ደርበሽ አብረን እንግባ» ብትላት፣ ሥርዓቱም ይጠበቃል፣ ልጂቱም ትመለሳለች።

ልጄ ሴት በመሆኗ 80 ቀን ለምን?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር ነው። ከሁለት ወር በፊት ሴት ልጅ ወልጃለሁ። ወንድ ቢሆን በ40 ቀኑ ክርስትና ይነሣ ነበር፤ ሴት በመሆኗ ግን 80 ቀን መጠበቅ አለብኝ። ባለቤቴም ሆነ አማቴ ይህን በደስታ ነው የሚነግሩኝ፤ እኔ ግን በውስጤ «ልጄ ከወንድ ይልቅ የረከሰች ናትን?» እያልኩ አዝናለሁ። ከዚህም አልፎ በወር አበባዬ ጊዜ ወደ ቤተ መቅደስ አለመግባቴን ልጅ ሳለሁ እንደ ቅጣት እቆጥረው ነበር። አሁን እናት ስሆን ጥያቄው ተመለሰብኝ።

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ከጥያቄሽ ሁሉ በፊት መልስ የሚሻው ልጅሽ የረከሰች ናት ወይ የሚለው ነው፤ አይደለችም። ከወንድ ልጅ ያነሰችም አይደለችም። በ40ም ይሁን በ80 ቀን የሚጠመቁ ሕፃናት ጥምቀታቸው አንድ ነው፤ የሚቀቡት ሜሮን አንድ ነው፤ በዚያው ዕለት የሚቀበሉት ሥጋ ወደሙ አንድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለወንድ የምትሰጠውን ጸጋ ለሴት ቀንሳ አትሰጥም።

የቀኖቹ ቁጥር መነሻ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ተጽፏል። እናቲቱ ወንድ ከወለደች 7 እና 33 ቀን፣ ሴት ከወለደች 14 እና 66 ቀን ትቆያለች፤ ሲደመር 40 እና 80 ይሆናል። በቤተ ክርስቲያናችን መጻሕፍት ከሚቆጠረው ከመጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ አዳም ከተፈጠረ በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ወደ ገነት እንደገቡ እናነባለን፤ ሊቃውንቱም የሕፃናቱን ጥምቀት ከዚህ ጋር አያይዘው ያስተምራሉ። አዳምና ሔዋን ቀድመው የገቡባት ገነት ለልጆቻቸው በጥምቀት እንደገና ትከፈታለች ማለት ነው። በዚህ ዓይን ስታዪው 80ው ቀን ልጅሽ ወደ ቤቷ የምትገባበት ቀን ነው። ሕፃኑ ወይም ሕፃኗ በጽኑ ከታመሙ ግን ቀኑ ሳይጠበቅ ይጠመቃሉ፤ ይህን ባለማወቅ የሚጨነቁ እናቶች አሉና ልብ ይባል።

እመቤታችን ድንግል ማርያምም ይህን ሥርዓት መፈጸሟን አስታውሺ። ጌታችንን በወለደች በ40ኛው ቀን ወደ ቤተ መቅደስ ይዛው መጥታለች፤ እኛም ከታኅሣሥ 29 ቀን ቆጥረን የካቲት 8 ቀን በዓለ ስምዖንን የምናከብረው ስለዚህ ነው። እርሷ መንጻት የሚያስፈልጋት አልነበረችም፤ ያቀረበችውም በግ መግዛት ለማይችሉ ድሆች የተፈቀደውን ሁለት ወፎች ነበር። በእርሷ ላይ ውርደት ሆኖ ያልተቆጠረ ነገር በአንቺ ላይ ውርደት ሊሆን አይችልም።

ስለ ወር አበባ የጠየቅሽውን በጥንቃቄ ልመልስ። የወር አበባ ኃጢአት አይደለም፤ ንስሐ የሚገባበትም ነገር አይደለም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 15ን ስናነብ ሕጉ ስለ ሴት ብቻ አይናገርም፤ ስለ ወንድ ሰውነት ፈሳሽም በስፋት ይናገራል፤ በቤተ ክርስቲያናችንም ወንዱ በእርሱ በኩል የሚጠነቀቅበት ቀን አለው። ለወንድና ለሴት ባንድነት የተሰጠ ጥንቃቄ መሆኑ ተዘንግቶ በሴት ላይ ብቻ የተጣለ መስሎ የሚታየው፣ የወንዱ ሳይነገር ስለሚቀር ነው። በእነዚያ ቀናት ወደ ውስጥ ባትገቢም በቅጽሩ ውስጥ ቆመሽ ቅዳሴውን መከታተል ትችያለሽ፤ ጸሎት አይከለከልም፤ ምጽዋት አይከለከልም። 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችው ሴት በሕዝቡ መካከል መጥታ የጌታችንን የልብሱን ጫፍ በዳሰሰች ጊዜ «ልጄ ሆይ» ተብላ ተጠራች እንጂ አልተገሠጸችም። ሥርዓቱን ጠብቂ፤ ሥርዓቱን ተገን አድርጎ ሴትን የሚያሸማቅቅ ንግግር ግን ከቤትሽ አይግባ። ልጅሽ አድጋ አንድ ቀን ይህንኑ ስትጠይቅሽ፣ በሹክሹክታ ሳይሆን በእናት አንደበት ንገሪያት፤ አንቺ ያለፍሽበት ዝምታ ለእርሷ እንዳይተላለፍ።

ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ዐቢይ ጾም ደረሰ

ጥያቄ፦ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ሐኪሙ ደም አንሶሻል ብሎኛል። ጾም ካልጾምኩ ደግሞ ልጄ ላይ አንዳች ነገር ይደርሳል ብዬ እፈራለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ቤተ ክርስቲያን ጾምን ያዘዘችው ለድኅነት ነው። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾምን ሲተረጉም፣ በታወቀ ጊዜ ከምግብ መከልከል መሆኑንና ዓላማውም ሥጋ ለነፍስ እንዲታዘዝ መሆኑን ይናገራል፤ የታመመን ሰው ወይም በማኅፀን ያለን ሕፃን ለመጉዳት አልተሠራም። የሐኪሙን ቃል ሳትደብቂ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ እርሳቸው እንደ አቅምሽ ይወስኑልሻል፤ ከወሰኑልሽም በኋላ በፍርሃት አትኑሪ። እግዚአብሔር በማኅፀንሽ የሠራውን ልጅ ሰበብ ፈልጎ አይቀጣውም። በ55ቱ ቀናት መብል ቢፈቀድልሽ እንኳ ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው የሚያዘምረው የዓይን፣ የአንደበትና የጆሮ ጾም አለ፤ ያንን የሚከለክል ሕመም የለም።

በእሑድ ቅዳሴ ቤቴ ማን ይቀራል?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የምኖር የአራት ልጆች እናት ነኝ። ቅዳሴ አላስታጉልም፤ አጽዋማቱን እጾማለሁ፤ በየወሩ በ21 የእመቤታችን ጽዋ ማኅበር አለኝ፤ ተራዬ ሲደርስም ማኅበርተኛውን በሚገባ አስተናግዳለሁ። ባለፈው ጊዜ ጽዋው እኔ ቤት ነበር። ሁሉም ከሄደ በኋላ አሥራ ስድስት ዓመት የሆናት ልጄ ከጓዳ መጥታ፣ «እማዬ፣ እኛ ቤት ከመጣች ጀምሮ እሷ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ታውቃለች?» ብላ ስለ ሠራተኛችን ጠየቀችኝ። ሠራተኛችን ከገጠር የመጣች፣ ማዕተብ ያሰረች ልጅ ናት። እሑድ እኛ ስናስቀድስ ቤት ትጠብቃለች፤ ምሳም ታደርሳለች። መልስ ስላጣሁ ልጄን ተቆጣኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጸሎቴ ጸሎት አልመስልህ አለኝ። እውነት ይህን ያህል በድያለሁን? ደግሞስ እኔም እደክማለሁ፤ የበዓሉ፣ የጽዋው፣ የጾሙ ምግብ ሁሉ በእኛ በሴቶች ላይ ነው።

መልስ፦ የተከበርሽ እህቴ፣ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ድፍረት ይጠይቃል። ልጅሽንም ስለ ጥያቄዋ አመስግኛት፤ በቤትሽ የዘራሽው እምነት በእርሷ እንደበቀለ የሚያሳይ ነውና ተመልሰሽ «ልክ ነሽ» ብትያት፣ ከብዙ ስብከት ይልቅ ታስታውሰዋለች።

ጥያቄሽን ሳልሸፋፍን ልመልስ። ሰንበትን ያዘዘው ቃል ራሱ ስለ ሠራተኛሽ ይናገራል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5 የዕረፍቱ ትእዛዝ ከባለቤቱና ከልጆቹ አልፎ ሎሌንና ገረድን ይጠራል፤ ምክንያቱንም ሲሰጥ እነርሱ እንደ አንተ ያርፉ ዘንድ ይላል፤ እስራኤልም በግብጽ ባሪያ እንደነበረ እንዲያስብ ያዝዘዋል። አገራችን ስለ ሰንበት ቸልተኛ ሆና አታውቅም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ቀዳሚት ሰንበትና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ የተወሰነው ከረጅም ክርክርና ከብዙ መከራ በኋላ ነው። አባቶቻችን ስለ ሰንበት ያን ያህል ከተከራከሩ፣ በእኛ ቤት ሰንበት ያልደረሰላት አንዲት ልጅ መኖሯ ቀላል ነገር ሊሆን አይችልም። አዎ፣ ጎድሎብሻል፤ ሆኖም በሚቀጥለው እሑድ የሚስተካከል ጉድለት ነው።

የጽዋውን ቀን እስኪ በዓይነ ኅሊናሽ ተመልከቺው። ሳሎኑ ውስጥ ካህኑ ቆመው ይጸልያሉ፤ «ሙሴ» የሚባለው የማኅበሩ መሪ በክብር ስፍራው ተቀምጧል፤ ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል፤ ጽዋው ለተረኛዋ ይተላለፋል። በዚያው ሰዓት ጓዳ ውስጥ አንዲት ልጅ፣ እጇ እስከ ክርኗ በሳሙና ውኃ ውስጥ ሆኖ፣ ከፊት ያለውን ብርጭቆ አጥባ ስትጨርስ ሌላ ትሪ ይመጣላታል። «አቡነ ዘበሰማያት» ሲባል ድምፁ በግድግዳው አልፎ ይደርሳታል፤ እጇን ግን ከውኃው አታወጣም፤ ማንም ውጪ አላላትምና። የተባረከው ጸበል ጸዲቅ ለእርሷ የሚደርሳት ሁሉም ከበላ በኋላ ነው። ይህ የአንቺ ቤት ብቻ አይደለም፤ የብዙዎቻችን ቤት ነው። ጽዋ ማኅበር የቆመው በቅዱሳን ስም ምእመናን አንድ ማዕድ እንዲበሉና የተራበው እንዲጠግብ ነው። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግብዣ ስታደርጉ የሚመልሱላችሁን ሀብታሞች ሳይሆን ብድር መመለስ የማይችሉትን ጥሩ ያለውን ለመፈጸም፣ ከቤትሽ መውጣት እንኳ አያስፈልግሽም።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? በመጀመሪያ ከልጂቱ ጋር ቁጭ ብለሽ ተነጋገሪ፤ መሄድ ትፈልግ እንደሆነ፣ የት መሄድ እንደምትፈልግ፣ ንስሐ አባት እንዳላት ጠይቂያት። ከዚያ የእሑዱን ቅዳሴ በተራ አድርጉት፤ አንድ እሑድ እርሷ፣ ሌላ እሑድ ከእናንተ አንዱ ቤት ይቅር። ከተቻለ ደግሞ ቤቱን ቆልፋችሁ ሁላችሁም ሂዱ። «ቤት ማን ይጠብቃል?» የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ሁልጊዜ በእርሷ ላይ ከሆነ፣ የምንጠብቀው ዕቃ ከአንዲት ነፍስ በልጦብናል ማለት ነው። ምሳውን ቅዳሜ አዘጋጅታችሁ አሳድሩት፤ ካልሆነም ዘግይታችሁ ብሉ፤ ከቅዳሴ የመጣ ሰው ቀዝቀዝ ያለ ሹሮ ቢበላ ምንም አይጎዳውም። በጽዋው ቀን ጸሎቱ ሊጀመር ሲል አንቺ ራስሽ ወደ ጓዳ ገብተሽ «እጅሽን ተለቃልቀሽ ነይ፣ ነጠላሽን ያዢ» በያትና ከጎንሽ አቁሚያት። ይህን አንድ ጊዜ ስታደርጊ ማኅበርተኞችሽ ያዩሻል፤ በሚቀጥለው ወርም በሌላዋ ቤት መደረግ ይጀምራል። ሠራተኛሽ የሌላ እምነት ተከታይ ብትሆን ኖሮም ቃሌ አይለወጥም ነበር፤ ወደ ራሷ የጸሎት ስፍራ የምትሄድበት ሰዓት ይሰጣት፣ በእኛ ጸሎት ላይ እንድትቆም ግን አትገደድ።

ደመወዝን በተመለከተ አጭር ቃል ላክል። የሠራተኛን ዋጋ ማሳደር በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 የተከለከለ ነው፤ ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ያልተከፈለ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር ጆሮ እንደሚጮኽ ጽፏል። በደብዳቤሽ ስለዚህ ያነሣሽው ነገር ስለሌለ በዚህ በኩል አልጠረጥርሽም፤ ይህን የጻፍኩት ወር ሲደርስ «አንቺ እኮ ቤተሰብ ነሽ» እየተባለች ደመወዟ የሚዘገይባትን ልጅ አስቤ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ድካም ልመለስ፤ እርሱም እውነተኛ ጥያቄ ነውና። በበዓል ዋዜማ የሚያድረው እሳት፣ የሚከተፈው ሽንኩርት፣ የሚጋገረው ድፎ ዳቦ ሁሉ በሴት እጅ የሚያልፍ ሆኖ፣ ሌሊት ለማኅሌቱና ለቅዳሴው የሚደርሱት ግን ወንዶቹ የሚሆኑበት ቤት ብዙ ነው። ጌታችን በቢታንያ ማርታን የገሠጻት ስለሠራች አይደለም፤ ብዙ ነገር እያሰበች ስለታወከችና እህቷን ከእግሩ ሥር ልታስነሣ ስለፈለገች ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ያለውን ታሪክ ስናነብ ብዙ ጊዜ የምንፈርደው በማርታ ላይ ነው፤ በዚያ ቤት ግን ማርታን ለማገዝ የተነሣ አንድ ሰው እንኳ አልተጻፈም። ባለቤትሽና ወንዶች ልጆችሽ ውኃ መቅዳት፣ ሽንኩርት መላጥ፣ ዕቃ ማጠብ ይችላሉ፤ የጽዋው በረከት የሚደርሳቸው ከሆነ የጽዋው ድካም የማይደርሳቸው ለምንድን ነው? ለማኅበሩም አንድ ሐሳብ አቅርቢ፦ ድግሱ ይቀነስ። አንዷ በሌላዋ ላይ ለመብለጥ የወጥ ዓይነት መጨመር በጽዋ ማኅበሮቻችን ውስጥ እየገባ ያለ ነገር ነው፤ ይህ ፉክክር አቅም የሌላትን እህት ከማኅበር ያስወጣል። ዳቦና ጠላ፣ ከተቻለም ንፍሮ፣ ለእመቤታችን ዝክር ይበቃል። ከድግሱ የተረፈው ገንዘብ ለአንድ ችግረኛ ቤት ወርኃዊ አስቤዛ ቢሆን፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ለመበለቶች ልብስ ትሰፋ የነበረችውን ጣቢታን ያስመስለናል።

ጸሎቴ ጸሎት አልመስልህ አለኝ ላልሽው፣ ይህ የተጣልሽበት ምልክት አይደለም። ጌታችን ጸሐፍትንና ፈሪሳውያንን ከአዝሙድና ከእንስላል አሥራት እያወጡ ፍርድንና ምሕረትን ስለ መተዋቸው ሲገሥጻቸው፣ ያኛውንም ሳይተዉ ይህን ሊያደርጉ ይገባቸው እንደነበር ነገራቸው። አጽዋማትሽን፣ ቅዳሴሽን፣ ጽዋሽን አትተዪ። ጓዳሽን ጨምሪበት። ይህንንም ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ሸክሙን ብቻሽን ተሸክመሽ አትኑሪ።

ማንበብ አልችልም፤ እንዴት ልጸልይ?

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን ነው። ዕድሜዬ ሰባን አልፏል፤ ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም። ጎረቤቶቼ ውዳሴ ማርያም፣ ዳዊት ይደግማሉ፤ እኔ አልችልም። በእግሬም ደክሜ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ከተውኩ ቆየሁ። የእኔ ጸሎት ይቆጠራል ወይ?

መልስ፦ እናቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ይቆጠራል እንጂ፤ ለዚህ አይጠራጠሩ። «አቡነ ዘበሰማያት»ን እና «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል»ን በቃልዎ ያውቃሉ ብዬ አምናለሁ፤ እነዚህን አስተውለው ካደረሱ ሙሉ ጸሎት ነው። መቁጠሪያ ካለዎት በመቁጠሪያው «ኪርያላይሶን» ይበሉ፤ ከሌለዎት በጣትዎ ይቁጠሩ። መቆም ካቃተዎት ተቀምጠው፣ መቀመጥ ካቃተዎትም ተኝተው ይጸልዩ። በቀን ሰባት ጊዜ ለመጸለይ ከተቸገሩ ጧት ሲነሡና ማታ ሲተኙ አይለፍዎ፤ ልጆችዎን፣ ጎረቤቶችዎን፣ አገርዎን በየስማቸው እየጠሩ ያሳስቡ። ዕድሜና ጊዜ የተሰጠው ሰው ለሌላው መጸለይ ትልቅ አገልግሎቱ ነው። ቅዳሴ አልሄድኩም ብለውም አይዘኑ፤ ለንስሐ አባትዎ ይላኩባቸውና ቤት መጥተው ይጎብኙዎት፤ ስለ ቅዱስ ቁርባንም ያማክሯቸው።

ይህን ደብዳቤ ለሚጽፈው ልጅ ደግሞ ሥራ ልስጠው። ልጄ፣ ውዳሴ ማርያም ከሰኞ እስከ እሑድ ለየዕለቱ የተከፈለ ነው፤ የአንዱ ዕለት ክፍል ረጅም አይደለም። አማርኛ ትርጉም ያለበትን መጽሐፍ ከቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት መሸጫ ግዛና ከትምህርት ቤት ስትመለስ የዕለቱን ክፍል ለአያትህ አንብብላቸው፤ በመጀመሪያ በግእዙ፣ ቀጥሎ በአማርኛው። ሐዋርያው ጳውሎስ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያመሰግን አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን በስም ጠርቷቸዋል፤ አያትህም የሚያውቁትን የሚነግሩህ በዚያ ሰዓት ነው። እርሳቸው በቃል የያዙትን አንተ በደብተር ጻፈው፤ በተለይ በየወሩ የሚዘክሩትንና ምክንያቱን ጠይቃቸው። ዛሬ ሰኞ ከሆነ ከሰኞው ጀምር።